ዕፍረትና ኀፍረት
ስለ ዐንበር ሽቱ ታሪክና ስለሚመስለው ሰው

ባለፈው የትንሣኤ በዓል ማግስት ከአንድ ወዳጃችን ቤት ተጠርተን ሳለን፥ ከውጭ አገር የተመለሰው የቤቱ ልጅ ለአባቱ ያመጣውን ትንሽ የሽቱ ጠርሙስ ከፍቶ በየእጃችን ጀርባ ላይ አንዳንድ ጠብታ አኖረልን። ሽታው እንደ ጽጌረዳ ወይም እንደ ሎሚ ፈጥኖ አፍንጫ የሚመታ አልነበረም፤ ሞቅ ያለ፥ እንጨት እንጨት የሚል፥ ዕጣን የታጠነ ልብስ ያደረበት ሣጥን ሲከፈት እንደሚወጣው ያለ፥ ቀስ ብሎ የሚመጣ፥ ቀስ ብሎም የሚሄድ መዓዛ ነበረ። በጠርሙሱ ላይ «እንጨታማ ዐንበር» የሚል ጽሕፈት እንዳለ ልጁ ተርጕሞ አነበበልን። ከእንግዶቹ አንዱ «ይህ የትልቅ ሰው ጠረን ነው» አለ። ሁለተኛውም «ብዙ የማይናገር፥ ሲናገር ግን የሚደመጥ ሰው ይመስላል» ሲል ጨመረበት። ሦስተኛውም «አባቱ የሚታወቅ ጨዋ» አለ። ሁላችንም ተስማማን፤ እኔም ራሴን ነቀነቅሁ።

በዚህ ጊዜ ከሊሙ አገር የመጡት ሽማግሌ የቤቱ ዘበኛ አንድ መልእክት ለማድረስ ከደጃፉ ቆመው ነበርና፥ ልጁ ለርሳቸውም አንዲት ጠብታ ሰጣቸው። ሽማግሌው እጃቸውን ወደ አፍንጫቸው አስጠግተው ብዙ ቆዩ። ኋላም ፈገግ ብለው፥ «ይህስ የጥርኝ ሽታ አለበት፤ አውቀዋለሁ። በልጅነቴ የአባቴን ጥርኞች የማበላ እኔ ነበርሁ። ነገር ግን ያን ጊዜ ሽታው ከልብሳችን አልለቅ ብሎ በገበያ ሰው ከአጠገባችን ይሸሽ ነበር እንጂ፥ የትልቅ ሰው ጠረን ነው ብሎ የተናገረልን አንድም አልነበረም» አሉ። ይህን ተናግረው ወደ በራቸው ተመለሱ፤ ጨዋታውም ወደ ሌላ ነገር ዞረ።

እኔ ግን ከቤቴ ከገባሁ በኋላ ነገሩ አልለቀቀኝም። አንዱ መዓዛ ለአንዱ ክብር፥ ለሌላው ነውር የሚሆነው ስለ ምንድን ነው? ሽቱው በእውነት የሚመስለውስ ማንን ነው፤ የሚቀባውን ነው ወይስ ያስገኘውን? ይህን ለመመርመር የሽቱውን ታሪክ ከሥሩ ማየት እንደሚገባ ስለ ተረዳሁ፥ ከመጻሕፍት የሰበሰብሁትን በአጭሩ ለአንባቢ አቀርባለሁ። ዘመኑን ሁሉ የምጽፈው በአውሮፓውያን አቈጣጠር ነው።

አስቀድመን ስሙን እንመርምር፤ የቅኔ ቤት ልማድ ከቃል መጀመር ነውና። ዐንበር የሚለው ቃል ለእኛ ባዕድ አይደለም። ነቢዩ ዮናስን የዋጠውን ታላቅ ፍጡር መጻሕፍታችን ዐንበሪ ይሉታል፤ ሕዝቡም ዓሣ አንበሪ ይለዋል፤ ምንም እንኳ የተፈጥሮ ሊቃውንት ልጁን ጡት የሚያጠባ ስለ ሆነ ከዓሣ ወገን አይደለም ቢሉ። ዐረቦችም ዐንበር ሲሉ ያን እንስሳና ከርሱ የሚገኘውን መዓዛ በአንድ ስም ይጠራሉ። ፈረንሳዮች ቃሉን ከዐረቦች ተቀብለው አምብር አሉት። ነገር ግን በባሕር ዳር የሚገኝ ሌላ ነገርም አለ፤ ይኸውም ከጥንት ዛፍ ወርዶ በዘመን ብዛት እንደ ድንጋይ የጠነከረ፥ ለሴቶች የአንገት ዶቃ የሚሠራበት ቢጫ ሙጫ ነው። እርሱም በዚሁ ስም ተጠራ። ሁለቱን ለመለየት አንዱን ግራጫ ዐንበር፥ ሁለተኛውን ቢጫ ዐንበር አሏቸው። ስለዚህ ዛሬ ብዙ ሰው የዐንበር ሽቱ ከቢጫው ዶቃ የሚወጣ ይመስለዋል፤ በጠርሙሱ ውስጥ ያለው ፈሳሽ ማር መምሰሉም ስሕተቱን ያጸናለታል። የሽቱው ስም የመጣው ግን ከዶቃው ሳይሆን ከዐንበሪው ሆድ ነው።

እንዴት ከሆድ እንደ ሚወጣ ቢጠየቅ፥ ነገሩ እንዲህ ነው። ከዐንበሪ ወገን ራሱ እጅግ ግዙፍ የሆነው ዓይነት ወደ ጥልቅ ባሕር እየወረደ ስኩዊድ የሚባሉትን ብዙ ክንድ ያላቸውን ለስላሳ እንስሳት ይበላል። ሥጋቸው ሲፈጭ፥ እንደ ወፍ መንቍር ያለው ጠንካራው አፋቸው ግን አይፈጭም። ይህ ሹል ነገር በአንጀቱ ውስጥ በተከማቸ ጊዜ፥ በአንዳንዱ እንስሳ ሆድ ሰም የመሰለ ነገር ይከበዋል። ጓሉ ከሆድ ሲወጣ ጥቍርና ለስላሳ፥ ሽታውም ክፉ ነው። ነገር ግን ለብዙ ዓመት በባሕር ላይ ሲንሳፈፍ፥ ጨው ሲያጥበው፥ ፀሐይም ሲመታው፥ እየደረቀና እየነጣ ይሄዳል፤ ሽታውም ተለውጦ ጣፋጭና ሞቅ ያለ ይሆናል። በ10ኛው መቶ ዓመት የነበረው የባግዳድ ተወላጅ አል መስዑዲ በምሥራቅ አፍሪካና በደቡብ ዐረብ ባሕር ዳር ስለሚገኘው ዐንበር ጽፏል፤ ማርኮ ፖሎም በ13ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ ስለ ሶቆጥራ ደሴት ሲተርክ ያነሣዋል። እንግዲህ ዮናስ ከዐንበሪ ሆድ ወጥቶ ለነነዌ ሰዎች የመዳን ምክንያት እንደ ሆነ፥ ሕመም የወለደው ጓልም ከዚያው ከሆድ ወጥቶ ለነገሥታት ሽቱ ሆነ።

ግራጫው ዐንበር የሚገኘው በዕድል ስለ ሆነና ዋጋውም እጅግ ከባድ ስለ ሆነ፥ ሽቱ ቀማሚዎች ሙቀቱን የሚመስል ነገር ከምድር ዕፅዋት አዋሕደው ማዘጋጀት ጀመሩ። ዛሬ ዐንበር ተብሎ የሚሸጠው በብዙ ጊዜ የዐንበሪው ጠብታ እንኳ የለበትም። መሠረቱ ሦስት ነገር ነው። አንደኛው ላብዳኑም የሚባል ሙጫ ነው፤ ሁለተኛው ቫኒላ ነው፤ ሦስተኛው እኛ ሉባንጃ የምንለው ነው። ሉባንጃ የሚለው ስም ሉባን ጃዊ፥ ማለት የጃዋ ዕጣን ከሚለው ዐረብኛ የመጣ ነው፤ አውሮፓውያንም ቤንዞይን የሚሉት ይህንኑ ቃል አጣምመው ነው። በገበያችን በቍና የሚሰፈረውና በፓሪስ በብልቃጥ የሚታሸገው በስም ወንድማማች ናቸው።

ላብዳኑም በሜዲትራኒያን ባሕር ዙሪያ በሚበቅል ቍጥቋጦ ቅጠል ላይ የሚወጣ የሚያጣብቅ ሙጫ ነው። ፍየሎች ቍጥቋጦውን ሲግጡ ሙጫው በጢማቸውና በጠጕራቸው ላይ ይጣበቅና እረኞች ከዚያ ላይ ያበጥሩት ነበር። የታሪክ አባት የተባለው ሄሮዶቱስ በ5ኛው መቶ ዓመት ቅድመ ልደተ ክርስቶስ ይህን ነገር ጽፎ፥ ከሁሉ ይልቅ መልካም ሽታ ያለው ነገር ከሁሉ ይልቅ ክፉ ሽታ ካለው ስፍራ፥ ከፍየል ጢም መገኘቱን አድንቋል። እንግዲህ የእረኛው ልብስ የሚሸተተውና በቤተ መንግሥት የሚሸተተው ከአንድ ፍየል የመጣ ነው።

እንጨቶቹንም ብንመለከት ነገሩ ከዚህ አይለይም። የህንድ ሰንደል መዓዛውን የሚያጠራቅመው በልቡ ውስጥ ነው፤ ለዚህም ብዙ ዓመት ይፈልጋል፤ ነጋዴም ልቡን ለማግኘት ዛፉን ከነሥሩ ይነቅለዋል። ዑድ የሚባለው ደግሞ ጤነኛ ሳለ ሽታ የሌለው ነጭ እንጨት ነው፤ ዛፉ ሲቈስልና ቍስሉን ሻጋታ ሲይዘው ግን፥ ራሱን ለመከላከል ጥቍር ሙጫ ያመነጫል፤ መዓዛውም ያ ነው። የእኛም የዕጣን ዛፍ እንዲሁ ነው። በትግራይና በመተማ ቈላ የሚሠራው ሰው ቅርፊቱን በስለት ይልጣል፤ ዛፉም ነጭ እንባ ያነባል፤ ሲደርቅ ይለቀማል። በቤተ መቅደስ የሚያርገው ጢስ ከቍስል የወጣ እንባ እንደ ሆነ ካህናት ሁሉ ያውቃሉ፤ ነገር ግን ቍስሉ ልክ እንዳለው ሁልጊዜ አይታሰብም። በ2011 የመተማን የዕጣን ዛፎች የመረመሩ ሊቃውንት፥ አሮጌው ሲሞት ወጣቱ ስለማይተካው፥ ምርቱ በ15 ዓመት ውስጥ በግማሽ ሊቀንስ እንደሚችል አስጠንቅቀዋል።

እስከዚህ ድረስ የተናገርሁት ስለ ዕፅና ስለ እንስሳ ቍስል ነው። የሰው ቍስል ግን ከዚህ የበለጠ ነው። በኦሪት ዘልደት በ37ኛው ምዕራፍ የተጻፈውን እናስታውስ። ዮሴፍን ወንድሞቹ በ20 ብር ሲሸጡት የገዙት ነጋዴዎች ወደ ግብጽ ይጓዙ የነበሩት ሽቱና ሙጫ በግመል ጭነው ነበር፤ ከጭነቱ አንዱ በዕብራይስጥ ሎጥ የሚባለው ሲሆን፥ ብዙ ሊቃውንት ላብዳኑም ነው ይሉታል። እንግዲህ የሽቱውና የባሪያው መንገድ ከጥንት አንድ ነበረ፤ መዓዛው በግመል ጀርባ ተጭኖ ሲሄድ፥ የያዕቆብ ልጅ ታስሮ ከኋላው ሄደ።

ይህ ነገር በሩቅ አገር ብቻ የተደረገ አይደለም። በጊቤ ወንዝ ማዶ ካሉት አገሮች፥ ከእናርያ፥ ከሊሙ፥ ከከፋም፥ በጎጃም በባሶ ገበያ አልፎ፥ በጎንደር በኩል እስከ ምጽዋ የሚወርደው የነጋዴ ጓዝ ወርቅና የዝሆን ጥርስ፥ ቡናና ዝባድ ይጭን ነበር፤ ከነዚህም ጋራ ከእናት ከአባታቸው የተነጠቁ ልጆች በእግራቸው ይነዱ ነበር። ነጋዴው እስላም ነበረ ብለን ራሳችንን ነጻ ልናደርግ አይገባም፤ ክርስቲያኑም ገዢ ነበርና። በአገራችን ባርነትን የሻረው ጽኑ ዐዋጅ የወጣው በ1942 ነው። ከዚያ አስቀድሞ በነበረው ዘመን ግን አንድ ቀንድ ዝባድና አንዲት ብላቴና ከአንድ ገበያ ሲወጡ፥ የዝባዱ ዋጋ ሲነገር የብላቴናይቱን እንባ የጻፈላት ጥቂት ነው።

አሁን ስለ ዝባድ ጥቂት ልናገር። ጥርኝ ድመት የሚመስል፥ ነገር ግን ከድመት ወገን ያልሆነ፥ ገላው ዝንጕርጕር የሆነ የሌሊት አውሬ ነው። ከጅራቱ ሥር ባለው ከረጢት ቅባት የመሰለ ነገር ያጠራቅማል፤ በዱር ሳለ ይህን በግንድና በድንጋይ ላይ እየቀባ ወሰኑን ያስታውቅበታል። ሰዎች ወንዱን በወጥመድ ይዘው፥ ለመዞር እንኳ በማይበቃው፥ ከዘንግ በተሠራ ጠባብ ቤት ውስጥ ያኖሩታል፤ ሥጋና ገንፎ ያበሉታል፤ ጐጆውንም በእሳት ያሞቁታል። ከ9 እስከ 12 ቀን ባለው ጊዜ እግሩንና ጅራቱን ይዘው ዝባዱን በማንኪያ ይጠርጉታል። ዝባድ በብዛት ሲሸተት የሚያስመልስ ነው፤ በብዙ ሌላ ሽቱ ውስጥ ጥቂት ሲገባ ግን ይለዝባል፤ ይልቁንም ጓደኞቹ የሆኑት መዓዛዎች ቶሎ እንዳይበኑ ይዞ ያቈያቸዋል። ስለዚህ አውሮፓውያን አጥብቀው ፈለጉት፤ አገራችንም ለብዙ ዘመን ዋነኛ አቅራቢያቸው ሆነች። የሚጫነውም በበሬ ቀንድ ተሞልቶ፥ አፉ ተከድኖ ነበረ።

ስለ እንዲህ ያለ ቀንድ ፈረንሳዊው ሐኪም ፍራንስዋ በርንዬ የጻፈው ታሪክ ሊነገር የተገባ ነው። ዐፄ ፋሲለደስ ወደ ህንድ ንጉሠ ነገሥት ወደ አውራንግዜብ መልእክተኞች ላኩ፤ ከነርሱም አንዱ ሙራድ የሚባል የአርመን ነጋዴ ነበረ። ገጸ በረከቱ ባሮችና ፈረሶች፥ የዝሆን ጥርስ፥ ደግሞም ዝባድ የተሞላ እጅግ ታላቅ የበሬ ቀንድ ነበረ። መልእክተኞቹ በሱራት ወደብ ሳሉ በ1664 የማራታው አለቃ ሺቫጂ ከተማዋን ዘረፈ፤ ከእጃቸውም ብዙ ነገር ጠፋ። ከተረፈላቸው ጥቂት ነገር አንዱ ያ ቀንድ ሲሆን፥ ዝባዱ ግን ወጥቶለት ባዶውን ቀርቶ ነበር። በርንዬ በዴልሂ ቀንዱን አይቶ ለክቶታል፤ የአፉ ስፋት ከግማሽ ጫማ ይበልጥ ነበር ይላል። እንዲህም የኢትዮጵያ ንጉሥ ስጦታ ከዓለም ባለጠጋ ንጉሥ ፊት ባዶ ቀንድ ሆኖ ደረሰ። በዚያው ጊዜ የአውራንግዜብ አባት ሻህ ጃሃን በልጁ እጅ ከዙፋን ወርዶ በአግራ ግንብ ታስሮ ነበር። ይህን ስም አንባቢ በልቡ ያኑረው፤ እንመለስበታለንና።

የዛሬው የዐንበር ሽቱ የተወለደው በ19ኛው መቶ ዓመት ነው። ቫኒላ ከሜክሲኮ የመጣ ሐረግ ነው። ፈረንሳዮች በህንድ ውቅያኖስ ወዳለችው ወደ ሬዩኒዮን ደሴት ወስደው ቢተክሉት አበበ፥ ነገር ግን አላፈራም፤ አበባውን የሚያዳቅለው ነፍሳት በዚያ አልነበረምና። በ1841 ኤድሞን የሚባል የ12 ዓመት ልጅ፥ ባሪያ ሆኖ የተወለደ፥ በቀጭን ስንጥርና በአውራ ጣቱ አበባውን ማዳቀል የሚቻልበትን ቀላል ዘዴ አገኘ። ደሴቲቱ ከዚህ የተነሣ በለጸገች፤ እስከ ዛሬም ቫኒላ በሚበቅልበት ሁሉ የሚሠራበት በዚያ ልጅ ዘዴ ነው። እርሱ ግን በ1848 ባርነት ሲሻር ነጻ ወጥቶ አልቢዩስ የሚል ስም ተጨመረለት እንጂ ከሀብቱ ምንም አልደረሰውም፤ በ1880 በድህነት ሞተ።

ከዚያ በኋላ የኬሚ ሊቃውንት ሥራ መጣ። በ1868 እንግሊዛዊው ፐርኪን ኩማሪን የተባለውን የደረቀ ሣር መዓዛ፥ በ1874 ደግሞ ጀርመኖቹ ቲማንና ሃርማን የቫኒላን መዓዛ ከዝግባ መሰል ዛፍ ፈሳሽ በብልሃት ሠሩ። በ1889 ኤሜ ጌርላን በፓሪስ እነዚህን ሁለቱን ከላቫንድና ከዝባድ ጋራ አዋሕዶ ዢኪ የተባለውን ሽቱ አወጣ። ከዚያው ቤት ዣክ ጌርላን በ1925 በፓሪስ ለተደረገው ትርዒት ሌላ ሽቱ አቀረበ፤ ቫኒላው የበዛ፥ ሞቅ ያለ፥ የዐንበር ሽቱዎች ሁሉ እናት የሚባል ነው። ስሙንም ሻሊማር አለው። ሻሊማር ማን የተከለው አትክልት እንደ ሆነ ብንጠይቅ፥ በላሆር ያለው በ1641 የተጀመረው በሻህ ጃሃን ትእዛዝ ነው፤ በልጁ እጅ ታስሮ ያየነው ንጉሥ። የጌርላን ቤትም ስሙን ያወጣው የሻህ ጃሃንን ፍቅር በማሰብ ነው። እንግዲህ ተመልከቱ፤ ከጊቤ ማዶ የመጣ ዝባድ ወደ ልጁ አደባባይ በቀንድ ተጭኖ ቢሄድ ባዶውን ደረሰ፤ የአባቱ አትክልት ስም ግን ከ260 ዓመት በኋላ ዝባድ ከለመደው ቤት በወጣ ጠርሙስ ላይ ተጻፈ። የሻህ ጃሃን ስም ታሰበ፤ የጠባቡን ቤት እሳት እያነደደ ያደረው ሰው ስም ግን የትም አልተጻፈም።

በኋላ ዘመን ሸክሙ ጥቂት ቀለለ። በዙሪክ ያስተምር የነበረው ሊዮፖልድ ሩዚችካ በ1926 የዝባድን ሽታ የሚሰጠው ነገር 17 የካርቦን ቅንጣት በክብ የተያያዙበት ቀለበት እንደ ሆነ ገለጠ፤ ሊቃውንቱ እንዲህ ያለ ትልቅ ቀለበት ሊጸና አይችልም ይሉ ነበርና እጅግ ተደነቁ። እርሱም በ1939 የኖቤል ሽልማት ተሰጠው። በ1950 አካባቢ ደግሞ በጄኔቭ የግራጫው ዐንበር መዓዛ ከአንድ ቅጠል በኬሚ ብልሃት ተሠራ። ዓሣ አንበሪን ለንግድ ማደን እንዲቆም የዓለም መንግሥታት ጉባኤ በ1982 ወሰነ፤ ውሳኔውም ከ1986 ጀምሮ ጸና። የሻኔልም ቤት ከ1998 ወዲህ በተፈጥሮ ዝባድ ፈንታ የተሠራውን እንደሚያገባ አስታውቋል። በመጨረሻም አውሮፓውያን ለብዙ ዘመን «ምሥራቃዊ» እያሉ የጠሩትን ይህን የሽቱ ወገን፥ ሽቱዎችን በየነገዳቸው በመለየት የታወቀው ማይክል ኤድዋርድስ በ2021 «ዐንበር» ብሎ ሰየመው፤ «ምሥራቃዊ እንጨታማ» ይባል የነበረውም «እንጨታማ ዐንበር» ሆነ። ስድብ የሚመስለው ስም መነሣቱ መልካም ነው፤ ነገር ግን ከስሙ ጋራ ከየት እንደ መጣ የምታመለክተው ጥቂት ምልክት አብራ እንዳትነሣ ያሠጋል።

አሁን ወደ መጀመሪያው ጥያቄ እንመለስ። ይህ ሽቱ የሚመስለው ማንን ነው? ቀማሚዎች ሽቱን በሦስት ይከፍሉታል፤ ራስ፥ ልብና መሠረት ይሉታል። ራስ የተባለው ሎሚና ብርቱካን የመሰለው ነው፤ ቀሊል ስለ ሆነ በጥቂት ደቂቃ ይበናል። ልብ የተባለው አበባው ነው፤ እርሱም በጥቂት ሰዓት ይሄዳል። ዐንበርና እንጨት ግን መሠረት ናቸው። ክብደታቸው ከገላ ጋራ ያኖራቸዋል፤ በልብስ ላይ ሲሆንም ሌሊቱን አድረው ይገኛሉ። ከራሳቸውም አልፈው ቀሊሎቹ ቶሎ እንዳይጠፉ ይይዛሉ። ሎሚው ሲመሰገን፥ ጥቂት እንዲቈይ ያደረገውን ዐንበር የሚያስብ የለም።

እንግዲህ በዚያ ቀን እንግዶቹ ከተናገሩት ሁለቱን ታሪክ ይመሰክርለታል፤ አንዱን ግን አይመሰክርለትም። ብዙ የማይናገር ሰው መባሉ እውነት ነው። ሞቅ ያለ መባሉም እውነት ነው። አባቱ የሚታወቅ ጨዋ መባሉ ግን ሐሰት ነው፤ የሆድ ጓል፥ የፍየል ጢም፥ የዛፍ ቍስል፥ የአውሬ ከረጢት፥ የባሪያ ልጅ ጣት የወለደው ነውና። በክፉ ነገር የጀመረ፥ ጨውና ፀሐይ በትዕግሥት የለወጠው፥ ሲወጉት መዓዛ የመለሰ፥ ሌሎች ሲሄዱ የሚቀር፥ ጓደኞቹንም ይዞ የሚያቈይ ሰው ካለ፥ ዐንበር የሚመስለው እርሱን ነው። ከመካከላችን እንዲህ ያለውን ብንፈልግ፥ ከተቀመጥነው ይልቅ ሁላችን ስንተኛ በር ላይ የሚያድረውን ሳናገኝ አንቀርም።

ምናልባት አንድ አንባቢ፥ «ሽቱ ከንቱ ነገር ነው፤ ይህን ያህል መመርመር ስለ ምን?» ይል ይሆናል። ማርያም እንተ ዕፍረት የአልባስጥሮሱን ብልቃጥ በሰበረች ጊዜም ስለ ዋጋው ያጕረመረሙ ነበሩ፤ ጌታ ግን የርስዋን ነገር ወንጌል በሚሰበክበት ሁሉ እንዲታሰብ አደረገ እንጂ ሽቱውን አልነቀፈም። ሌላውም፥ «ዛሬ ሁሉ በኬሚ የሚሠራ ከሆነ የማን ዕዳ አለብን?» ይል ይሆናል። የእንስሳው ሸክም መቅለሉ ደስ ያሰኛል። ነገር ግን ኬሚ የሠራው የቀደመውን ምስል ነው፤ ምስልን የሚወድ ሰው ባለመልኩን ሊረሳ አይገባውም።

ስለ መዓዛ የግእዝ ቋንቋችን አንድ የሚያስደንቅ ነገር አለው። ሽቱን ዕፍረት ይለዋል፤ በዐይኑ ዐ ይጻፋል። ውርደት የሚሰማውን ልብ ደግሞ ኀፍረት ይለዋል፤ በብዙኃኑ ኀ ይጻፋል። በአማርኛ አፍ ግን ሁለቱ ሊለዩ ጥቂት ነው የሚቀራቸው። በዚያ በበዓል ማግስት በእጄ ላይ የነበረው ዕፍረት፥ ሽማግሌው ከተናገሩ በኋላ ኀፍረት ሆኖብኝ ነበር፤ በዚያ ቤት ስመላለስ 6 ዓመት ሲሆነኝ ስማቸውን ጠይቄ አላውቅም ነበርና።

ከሁለት ሳምንት በኋላ ወደዚያው ቤት ሄድሁ። ከመግባቴም በፊት ከበሩ አጠገብ ባለችው አግዳሚ ላይ ከሽማግሌው ጋራ ተቀመጥሁ፤ ስማቸውንም ጠየቅሁ፥ የአባታቸውንም ስም። የአባታቸው ጥርኞች ስንት እንደ ነበሩ፥ ማታ ማታ ለእሳቱ ግንድ የሚሸከመው ማን እንደ ነበረ፥ በገበያም ሰው ሲሸሻቸው እናታቸው ምን ብለው ያጽናኗቸው እንደ ነበረ ነገሩኝ። የቤቱ ጌታ ድምፃችንን ሰምቶ ወጣና፥ «አባ፥ ስለ ምን በውጭ ይቀመጣሉ? ይግቡ እንጂ» አለኝ። እኔም «ጨዋታችንን አልጨረስንም፤ ወይ ሁለታችንን አስገባን፥ ወይ አንተም ውጣ» አልሁት። ጥቂት አሰበና ተመልሶ ገባ፤ ሦስተኛ መቀመጫ ይዞ ወጣ።